አፈ ሙዙ የሰፋ ጠመንጃ፦ ፍቅሩና ታሪኩ
በታሪክ ክበብ አባሎች የተዘጋጀ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ክበባችን አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፥ በምን ርእስ እንደምንጽፍ ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ርእሱን የሰጠን ሌላ ክርክር ነው። ስለ ዐድዋ ጦርነት በምንማርበት ሰዓት ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «የጥንቱ ውጅግራ አፉ ሰፊ ነበርና ከኋለኞቹ ጠመንጃዎች ሁሉ ይበልጣል» ቢል፥ ሌላው «የለም፤ ጠመንጃ በአፉ ስፋት አይመዘንም» ብሎ መለሰለት። እኛም ከሁለቱ እውነቱ ከማን ዘንድ እንደ ሆነ ለማወቅ መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እነሆ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፥ ሰፊ አፍ ያለው ጠመንጃ ለምን እንዳስፈለገ መረዳት ይገባል። የጥንቱ ባሩድ ጥቁሩ ባሩድ ነበር። ይህ ባሩድ ጢሱ ብዙ፥ ኃይሉ ግን የተወሰነ ስለ ሆነ፥ እርሳሱን ከአንድ ልክ በላይ ሊያፈጥነው አይችልም። ጥይቱን ማፍጠን ካልተቻለ ኃይል የሚገኘው ጥይቱን በማክበድ ነው፤ ጥይቱ ሲከብድ ደግሞ አፈ ሙዙ መስፋት አለበት። እንግሊዞች የዝሆን ጠመንጃቸውን የሚጠሩት በቁጥር ነበር። ቁጥሩም ከአንድ ፓውንድ፥ ማለት ከ454 ግራም እርሳስ የሚወጡት ድቡልቡል ጥይቶች ብዛት ነው። «ባለ 8» ከተባለ እያንዳንዱ ጥይት 57 ግራም ያህል፥ «ባለ 4» ከተባለ 113 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፉ ይሰፋል ማለት ነው።

እንደዚህ ያለውን ጠመንጃ አጥብቀው ከወደዱት ሰዎች አንዱ ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው የዓባይን ገባሮች ለመመርመር መጥቶ፥ በ1854 ዓ.ም. ተከዜ ሰቲት ተብሎ በሚጠራበት ቆላ ሲያድን ከረመ። በአፍሪካ ጉዞው ከያዛቸው ጠመንጃዎች ሁሉ ስሙ የገነነው፥ ሆላንድ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ የሠራለት ነው። ይህ ጠመንጃ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን፥ ሲመታም የሚፈነዳ ጥይት ይተኩስ ነበር። የጠመንጃው ክብደት ግን 9 ኪሎ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ ሰደፉ ወደ ኋላ እየመለሰ ተኳሹን ክፉኛ ይመታው ነበር። ዐረቦቹ «የመድፍ ልጅ» ብለው ሰየሙት፤ ቤከር ግን ስሙን አሳጥሮ «ሕፃኑ» አለው።

ቤከር እንደሚለው «ሕፃኑ» ተተኩሶ ግዳይ ሳይጥል የቀረበት ጊዜ የለም። ነገር ግን ይኸው ጀግና አዳኝ የገዛ ጠመንጃውን ይፈራው እንደ ነበረና፥ በብዙ ዓመት ውስጥ የተኮሰበት 20 ጊዜ ያህል ብቻ እንደ ሆነ ሳይሸሽግ ጽፏል። ጠመንጃው እንደ ጎረሰ ለብዙ ወር ሲቀመጥ መጽዳት ነበረበትና፥ ያን ጊዜ አሽከሮቹ ደስ ብሏቸው ይተኩሱታል። ይሁን እንጂ ተኳሹም ከኋላ የሚደግፈውም ሰው አብረው በጀርባቸው ይወድቁ ነበር።

በዚያው በሰቲት ዳር ሐምራን የተባሉት ዐረቦች ዝሆንን የሚገድሉት በሰይፍ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን አስቈጥቶ ከፊት ከፊቱ ይሸሻል፤ ሌላው በግልቢያ ላይ እንዳለ ከፈረሱ ዘሎ ይወርድና የዝሆኑን የኋላ እግር ጅማት ይቈርጣል። የመድፍ ልጅ ባለቤት የሆነው ቤከር ራሱ የነዚህን ሰዎች ድፍረትና ብልሃት እጅግ አድንቋል። ይህን ስናነብ ከክርክራችን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፥ የአፍ ስፋት ብቻውን ሁሉን ነገር እንዳልሆነ መጠርጠር ጀመርን።

ይህን ጥርጣሬ ያጠነከረልን የአገራችን የጦርነት ታሪክ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን፥ በኋላ ሕዝባችን ሰናድር ያለውን ጠመንጃ ይዞ ቆመ። የሰናድር አፉ 14.7 ሚሊሜትር ነው። ይሁን እንጂ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ጠመንጃም ጠባብ አፍ አልነበረውም። ልዩነቱ የነሱ ጠመንጃ በአፉ የሚጎርስ ሲሆን ሰናድር በኋላው የሚጎርስ መሆኑ ነበር። አንዱ ባሩድና እርሳስ በዘንግ ሲጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። በዚያ ቀን ከኛ ወገን ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞች በኩል የቈሰሉት ግን 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አሠርተው፥ በስንት ድካም ተራራ ለተራራ አስጎትተው መቅደላ ያደረሱት ታላቁ ሴባስቶፖልም፥ አፉ ከሁሉ የሰፋ ሆኖ ሳለ በዚያ ጦርነት አልጠቀመም።

ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያውያን በኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ ለማግኘት የነበራቸው ትጋት ከፍ ያለ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ባደረጉ ጊዜ፥ አፉ 11 ሚሊሜትር የሆነ ብዙ ሺህ ረሚንግቶን ተማረከ። ቀጥሎም ከፈረንሳዮች ዘንድ ግራ የተባለው ጠመንጃ መጣ። ፈረንሳዮች በቋንቋቸው «ፉዚ ግራ» የሚሉትን ሕዝባችን ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ውጅግራ አለው። የውጅግራም አፉ 11 ሚሊሜትር፥ እርሳሱ 25 ግራም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ እነዚህ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም። ያ ሁሉ ጠመንጃ የመጣው በነጻ አልነበረም። ለዋጋው ከሚከፈሉት ነገሮች፥ ከወርቁና ከቡናው፥ ከዝባዱም ጋር፥ አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። ዝሆን ገዳይም በአገራችን ታላቅ ክብር ያለው፥ የሚፎከርለትና የሚዘፈንለት ሰው ነበር። ስለዚህ ነጻነታችንን ላስጠበቀው ጠመንጃ ዋጋውን ከከፈሉት መካከል ዝሆኖችም ይገኙበታል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ወደ ክርክራችን እንመለስና፥ በ1884 እ.ኤ.አ. ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ ጢስ የሌለውን ባሩድ ሠራ። ይህ ባሩድ ጥይትን እጅግ ስለሚያፈጥነው የወታደር ጠመንጃ አፉ ወደ 8፥ ወደ 7፥ ከዚያም በታች ጠበበ። በዚህ ጊዜ ቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ አዳኝ የዝሆንን የራስ ቅል በመጋዝ አስከፍሎ አንጎሉ ያለበትን ስፍራ አጠና። ከዚያም እስከ ጋምቤላው የጊሎ ወንዝ ድረስ እየዞረ ሲያድን ኖረና በጠቅላላው 1,011 ዝሆን ገደለ። አብዛኞቹን የገደለው አፉ 7 ሚሊሜትር፥ ጥይቱ 11 ግራም ያህል በሆነ ጠመንጃ ነው። የቤከር «ሕፃን» ጥይት ከዚህ 20 እጥፍ ይከብድ ነበር። እንግዲህ እውቀት ያላት ትንሽ ጥይት ከትልቁ ጥይት እንዳላነሰች በዚህ ይታወቃል። ነገር ግን ይህ እውቀት የዋለው ለምን እንደ ሆነ ስናስብ ደስታችን ሙሉ አልሆነም።

ታዲያ የሰፊው አፈ ሙዝ ፍቅር በዚህ ያበቃ የሚመስለው ሰው ቢኖር ይሳሳታል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጄፍሪ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ጥይቱ 58 ግራም የሚመዝን፥ 600 የሚባለውን የዝሆን ጠመንጃ አወጣ። የቤከርን «ሕፃን» የሠራው የሆላንድ ቤትም ከጊዜ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. አንድ 600 ሠርቶ «ይህ የመጨረሻው ነው» ብሎ ሸጠ። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የጠመንጃ ሰብሳቢ መጥቶ ሌላ 600 እንዲሠራለት ለመነ። ቤቱ ቃሉን ማፍረስ ስላልፈለገ ከዚያ የሚበልጥ 700 የተባለ አዲስ ጠመንጃ ሠሩለት። የጥይቱም ክብደት 65 ግራም፥ የጠመንጃው 8 ኪሎ ያህል ነው። ዝሆን በጠፋበት ዘመን የዝሆን ጠመንጃ አደገ ማለት ነው።

እነዚህን ሰብሳቢዎች ለመንቀፍ አንቸኩልም። ብዙዎቹ የሚተኩሱት በወረቀት ዒላማ ላይ ነው፤ የሚወዱትም የብረቱን አሠራር፥ የሰደፉን ጥርብና የባሩዱን ነጐድጓድ ነው። በኛም አገር የአያቱን ውጅግራ ጥይት እንኳ ባይገኝለት ወልውሎ በግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ጥቂት አይደለም። እንደዚህ ያለው ሰው የሚጠብቀው ብረቱን ብቻ አይደለም፤ የአባቶቹንም ታሪክ ነው።

መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥታችን በአዲስ አበባ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጠለ። አንድ ጊዜ ጠመንጃ የተገዛበት ሀብት፥ ዝሆን እንዳይገደል ሲባል በእሳት ጠፋ። ቤከር «የመድፍ ልጅ» ይዞ በሚያድንበት በዚያ የተከዜ ቆላም ዛሬ የቃፍታ ሽራሮ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል።

የክርክራችንንም ፍርድ እንዲህ ሰጠነው። ውጅግራን ያስከበረው የአፉ ስፋት አይደለም፤ በጊዜው መገኘቱና የያዘው ሰው ዓላማ ነው። አፈ ሙዝ የሚለካው በሚሊሜትር ነው፤ ለምን እንደ ተተኮሰ የሚለካው ግን በታሪክ ነው። ክርክሩን የጀመሩት ሁለቱ ጓደኞቻችን በዚህ ፍርድ ተስማምተዋል፤ በዐድዋ ማን የትኛውን ጠመንጃ ይዞ እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይከራከራሉ።