ከግድቡ በስተጀርባ ያለ ድምፅ፤ የሴናተር ጆርጅ ኖሪስ የአርባ ዓመት የምክር ቤት መዝገብ

የታላላቅ ግድቦች ታሪክ ሲጻፍ የመሐንዲሱ ንድፍ፣ የሥራ ተቋራጩ ትጋትና የወጣው ገንዘብ ልክ በሰፊው ይተረካል። ግድቡ እንዲሠራ ወይም እንዲቀር በምክር ቤት ተነሥቶ ድምፁን የሰጠው ሰው ግን እምብዛም አይወሳም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ዝንጋዔ ነፃ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በአንድ የውኃ ምሕንድስና መጽሐፍ ውስጥ «የኖሪስ ግድብ» የሚል መግለጫ የተጻፈበትን ፎቶግራፍ አይቶ፣ ኖሪስ የመንደር ወይም የመሐንዲስ ስም ይሆናል ብሎ አልፎት ነበር።

ስሙን እንደገና እንዲፈልግ ያደረገው ከዓመታት በኋላ በሥራ ላይ የገጠመው ነገር ነው። በአንድ የመስኖ ሥራ ዋናው ቦይ ከመጀመሪያው ንድፍ ተለውጦ በገበሬዎች ማሳ መካከል እንዲያልፍ ተደረገ። ገበሬዎቹ «ይህን የወሰነብን ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ቃለ ጉባኤው ቢፈለግ፣ መዝገቡም ቢገላበጥ፣ የወሰነውም ሆነ የተቃወመው ሰው ስም ሊገኝ አልቻለም። ሥራው ተሠርቷል፤ ውሳኔው ግን ባለቤት አልነበረውም። ሰው በስሙ ድምፅ የሚሰጥበትና ድምፁም ተጽፎ የሚቀመጥበት ሥርዓት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለጸሐፊው ግልጽ የሆነለት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስማቸው በግድብ ላይ የቀረውን የአሜሪካ ሕግ አውጪ፣ የጆርጅ ዊልያም ኖሪስን የድምፅ መዝገብ ለመመርመር ይሞከራል። ዓላማው ሰውየውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። አንድ የሕዝብ እንደራሴ በተለያየ ጊዜ የሰጣቸው ድምፆች ለየብቻ ሲታዩ የተምታቱ ቢመስሉም፣ ጎን ለጎን ሲነበቡ ምን ዓይነት አቋም እንደሚገልጡ ለማሳየት ነው። ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰውየው አነሣሥ

ኖሪስ በ1861 በኦሃዮ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት ልጁ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ስለ ነበር ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። ሕግ ተምረው በ1885 ወደ ኔብራስካ ተሻገሩ፤ በዚያም በጥብቅና፣ በዐቃቤ ሕግነት፣ በመጨረሻም በዳኝነት አገለገሉ። በ1903 የሪፑብሊካን ፓርቲ አባል ሆነው ወደ ሕግ መምሪያው ምክር ቤት ገቡ። በ1913 ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተዛውረው እስከ 1943 መጀመሪያ ቆዩ። እንግዲህ መዝገባቸው የአርባ ዓመት መዝገብ ነው።

በራስ ወገን ላይ የተነሣ እጅ

ኖሪስ በሰፊው የታወቁበት የመጀመሪያ ድርጊት በራሳቸው ፓርቲ መሪ ላይ የፈጸሙት ነው። በዚያ ዘመን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ጆሴፍ ካነን የሥነ ሥርዓት ኮሚቴውንም ራሳቸው ይመሩ ነበር። የትኛው ረቂቅ ሕግ ለክርክር እንደሚቀርብና የትኛው በመሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር፣ ማን በየትኛው ኮሚቴ እንደሚመደብ፣ በአመዛኙ በእሳቸው ፈቃድ የተወሰነ ነበር። በመጋቢት ወር 1910 ኖሪስ አፈ ጉባኤው ከሥነ ሥርዓት ኮሚቴው እንዲወጡና ኮሚቴውን ምክር ቤቱ ራሱ እንዲመርጥ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ቀንና ሌሊት ከፈጀ ክርክር በኋላ ሐሳቡ በ191 ድጋፍና በ156 ተቃውሞ ጸደቀ። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲከማች ያ ሰው የራስ ወገን መሆኑ ለኖሪስ ማጽናኛ አልሆነም።

በ1913 ደግሞ ለብዙዎች እንቆቅልሽ የሆነ ድምፅ ሰጡ። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው በሄች ሄቺ ሸለቆ ግድብ ሠርታ የመጠጥ ውኃና የኤሌክትሪክ ኃይል ለማግኘት ፈቃድ ጠየቀች። የተፈጥሮ ወዳጆች ያን ውብ ሸለቆ ለማዳን ብርቱ ትግል አደረጉ። ኖሪስ ግን ፈቃዱን ደገፉ፤ ሕጉም በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ43 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ አለፈ። ምክንያታቸው የወንዙ ኃይል የሕዝብ ሀብት ሆኖ ይቀራል የሚል ነበር፤ ሕጉ ከተማይቱ ኃይሉን መልሶ ለሚሸጥ የግል ኩባንያ እንዳታስተላልፍ የሚከለክል አንቀጽ ነበረውና። ሆኖም ግድቡ ከተሠራ በኋላ ኃይሉ በተግባር የተከፋፈለው በግል ኩባንያ መስመር ሆነ። በ1940 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ አሠራር ከሕጉ ጋር እንደሚቃረን ወሰነ፤ ሸለቆው ግን በውኃ ከተሸፈነ ቆይቶ ነበር። አንድ አንቀጽ በወረቀት ላይ መጻፉና ማስተላለፊያው ምሰሶ የማን እንደሚሆን መወሰኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ከስድስቱ አንዱ

ኖሪስ እጅግ የተነቀፉበት ድምፅ የሚያዝያ 4 ቀን 1917ቱ ነው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በጀርመን ላይ ጦርነት እንዲታወጅ ጠየቁ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም በ82 ድምፅ ተስማማ። የተቃወሙት 6 ብቻ ነበሩ፤ ከስድስቱ አንዱ ኖሪስ ነበሩ። ጦርነቱ ለተዋጊ አገሮች ገንዘብ ያበደሩ ባንኮችንና የጦር መሣሪያ ነጋዴዎችን የሚያበለጽግ፣ ተራውን ሰው ግን ለሞት የሚዳርግ ነው በማለት ባደረጉት ንግግር ከሃዲ ተብለው ተወገዙ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በፊት ያደረጉት ነው። የንግድ መርከቦችን ለማስታጠቅ የቀረበውን ረቂቅ ከሌሎች ጥቂት አባላት ጋር ሆነው፣ ክርክሩን በማራዘም ጊዜው እንዲያልፍበት ካደረጉ በኋላ፣ በግዛታቸው የተነሣባቸውን ቁጣ ሰሙ። ስለዚህ ለኔብራስካ አገረ ገዥ ጽፈው ሕዝቡ በልዩ ምርጫ ይፍረድብኝ አሉ፤ አገረ ገዥው ምርጫውን ባይጠሩም ኖሪስ ወደ ሊንከን ከተማ ሄደው በሕዝብ ፊት ድምፃቸውን በራሳቸው አንደበት አስረዱ። በ1918 በተደረገው ምርጫም እንደገና ተመረጡ። ድምፅን መስጠት አንድ ነገር ነው፤ በሰጡት ድምፅ ለመጠየቅ በፈቃድ መቅረብ ግን ሌላ ነው።

የመስል ሾልስ የአሥራ ሁለት ዓመት ትግል

በሙያችን ዓይን ሲታይ ከሁሉ የሚበልጠው የመስል ሾልስ ጉዳይ ነው። በአላባማ ግዛት የቴነሲ ወንዝ በፏፏቴና በአለት መካከል በሚወርድበት ቦታ፣ መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፈንጂ የሚሆን ናይትሬት የሚያመርቱ ሁለት ፋብሪካዎች አቋቋመ፤ ለእነርሱም ኃይል እንዲሰጥ የዊልሰንን ግድብ በ1918 ጀመረ። ግድቡ በ1924 ሲፈጸም ጦርነቱ ካበቃ ዓመታት አልፈው ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ንብረት ምን ይሁን?

በ1921 ሄንሪ ፎርድ ፋብሪካዎቹን በ5 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት፣ ግድቦቹን ደግሞ ለ100 ዓመት ለመከራየት ጥያቄ አቀረቡ። መንግሥት ካፈሰሰው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ነገር ግን የፎርድ ዝና ታላቅ፣ የአካባቢው ሕዝብ ተስፋም ብርቱ ስለ ነበር የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በ1924 ተስማማ። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የእርሻ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ኖሪስ ግን ነገሩን እየመረመሩ አቆዩት። በዚያው ዓመት ፎርድ ጥያቄአቸውን አነሡ።

ኖሪስ የሕግ ሰው እንጂ መሐንዲስ አልነበሩም። ይሁን እንጂ በኮሚቴው ፊት የባለሙያዎችን ቃል በመስማት ሁለት ቁም ነገሮችን ተረዱ። አንደኛ፣ ፋብሪካው ናይትሬት የሚያወጣበት ዘዴ በአዲስ ዘዴ እየተተካ ስለ ሆነ፣ ዋናው ሀብት ማዳበሪያው ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይሉ መሆኑን አወቁ። ሁለተኛ፣ ወንዙ በክረምትና በበጋ መካከል እጅግ ስለሚለዋወጥ የዊልሰን ግድብ ብቻውን ዓመቱን ሙሉ አስተማማኝ ኃይል ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህ በላይኛው ተፋሰስ፣ በክሊንች ወንዝ ላይ፣ ጎርፉን የሚያከማችና በደረቅ ወራት የሚለቅ ግድብ ያስፈልጋል። የጎርፍ መከላከል፣ የወንዝ ትራንስፖርትና የኃይል ማመንጨት ሥራ በአንድ አካል ሥር እንዲታቀድ ያቀረቡት ሐሳብ የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ነበር።

ሕጋቸው ሁለት ጊዜ ምክር ቤቶቹን አልፎ ሁለት ጊዜ በፕሬዚዳንት እጅ ወደቀ። በ1928 ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ሳይፈርሙበት ጊዜው እንዲያልፍ አደረጉ፤ በ1931 ፕሬዚዳንት ሁቨር መንግሥት ከዜጎቹ ጋር በንግድ መወዳደር የለበትም በማለት መልሰው ላኩት። ሁለቱም የኖሪስ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ግንቦት 18 ቀን 1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣንን ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ።

በዚህ ትግል ውስጥ አንድ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። የቴነሲ ሸለቆ ከኔብራስካ ብዙ መቶ ማይል ይርቃል። የሸለቆው ሕዝብ ለኖሪስ አንድ ድምፅ እንኳ ሊሰጥ አይችልም ነበር፤ የኔብራስካ ገበሬም ከዚያ ግድብ አንድ አምፖል አያበራም። አሥራ ሁለት ዓመት የተሟገቱት ለማይመርጣቸው ሕዝብ ነው።

የግድቡ ዋጋ

ባለሥልጣኑ በመጀመሪያ የሠራው ግድብ በክሊንች ወንዝ ላይ የተገነባው ሲሆን፣ በሕይወት ሳሉ በኖሪስ ስም ተሰየመ። ሥራው በ1933 ተጀምሮ በ1936 አለቀ። ቁመቱ 81 ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከ560 ሜትር በላይ፣ የማመንጨት ዐቅሙም በዚያን ጊዜ ወደ 100 ሺህ ኪሎዋት ገደማ ነበር።

ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተማሪ ሳለ ያላነበበው ሌላ አኃዝ አለ። ለዚህ ግድብ ሐይቅ ከ2,800 በላይ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ መቃብሮች ሳይቀሩ ተቆፍረው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። ባለመሬቶች የመሬታቸውን ግምት ሲቀበሉ፣ በሰው መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ጭሰኞች ግን ካሳ የሚያገኙበት መብት አልነበራቸውም። ለግድቡ ሠራተኞች የተሠራችው፣ በዚሁ ስም የምትጠራው ከተማም ጥቁር አሜሪካውያን እንዳይኖሩባት ተከልክለው ነበር። ይህን የፈጸመው ባለሥልጣኑ እንጂ ኖሪስ በድምፃቸው አልወሰኑትም። ሆኖም «የሕዝብ ሀብት» የሚለው ቃል ማንን እንደሚጨምር በሕጉ ካልተጻፈ፣ ሕዝብ ከሚባለው ውስጥ ማን እንደሚቀር የሚወስነው አስፈጻሚው ይሆናል።

ሌሎች ሕጎችና የመጨረሻው ድምፅ

ከዚህም ሌላ በ1932 ከላ ጓርዲያ ጋር በስማቸው የተጠራው ሕግ ፍርድ ቤቶች የሠራተኞችን አድማ በትእዛዝ የሚያግዱበትን ሥልጣን ገደበ። በ1933 የጸደቀው ሃያኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በምርጫ የተሸነፉ አባላት ለወራት ሕግ ሲያወጡ የሚቆዩበትን ልማድ አሳጠረ። በ1934 የኔብራስካ ሕዝብ በእሳቸው ቅስቀሳ ሁለቱን የግዛቱን ምክር ቤቶች ወደ አንድ አጠቃለለ።

ለገጠሩ ግን ከሁሉ የሚልቀው ከሳም ሬይበርን ጋር በ1936 ያስወጡት የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ ነው። በዚያን ጊዜ ከአሥር የእርሻ ቤቶች ኤሌክትሪክ የነበረው አንዱ ያህል ብቻ ነበር፤ የግል ኩባንያዎች በተራራቁ ቤቶች መካከል ሽቦ መዘርጋት አያዋጣም ይሉ ነበርና። ሕጉ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ተደራጅተው ረዘም ላለ ጊዜ በሚከፈል ብድር መስመሩን ራሳቸው እንዲዘረጉ አደረገ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንድ ገበሬ የማይቻለው ምሰሶ ለማኅበር ተቻለ። በ1950ዎቹ ከአሥሩ ቤቶች ዘጠኙ ብርሃን አግኝተው ነበር። ኔብራስካም ዛሬ ኤሌክትሪክ በሙሉ በሕዝብ ድርጅቶች የሚቀርብባት ብቸኛዋ የአሜሪካ ግዛት ናት።

በታኅሣሥ 1941 በጃፓን ላይ ጦርነት ለማወጅ ድምፅ ሲሰጥ በ1917 ከተቃወሙት ስድስት ሰዎች መካከል በሕይወት የነበሩት ኖሪስ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ የ80 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ አገሪቱ ተጠቅታለችና ደገፉ። ውሳኔውም በ82 ድጋፍ ያለ አንዳች ተቃውሞ አለፈ። በ1942 ምርጫ ተሸነፉ፤ በ1944 አረፉ። በ1957 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የታላላቅ አባላቱን ሥዕል ለመስቀል አምስት ሰዎች ሲመርጥ ኖሪስ አልተካተቱም፤ ከተቃወሟቸውም መካከል የራሳቸው ግዛት እንደራሴዎች ነበሩበት።

ከመዝገቡ የምንማረው

ሸለቆን በውኃ ለመሸፈን ደገፉ፤ ጦርነትን አንድ ጊዜ ተቃወሙ፣ አንድ ጊዜ ተቀበሉ፤ የራሳቸውን ፓርቲ አፈ ጉባኤና ሁለት ፕሬዚዳንቶች ተጋፈጡ። ድምፆቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን በአብዛኛው አንድ ጥያቄ ይታይባቸዋል፤ ይኸውም፦ የብዙዎች የሆነው ነገር ተጠያቂነት ወደሌለው ጥቂት እጅ እየገባ ነውን? የሚለው ነው። መዝገቡ ስሕተታቸውንም ሳይደብቅ የሚያሳየን ድምፁ በስም ስለ ተጻፈ ነው።

አንድን ተፋሰስ በአንድ አካል የማስተዳደር ሐሳብ ከቴነሲ ተነሥቶ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል፤ ሕንድ በ1948 የዳሞዳር ሸለቆ ኮርፖሬሽንን ያቋቋመችው በዚያው አርአያ ነው። በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋም አንድን ተፋሰስ ለአንድ አካል የመስጠቱ መንገድ ተመሳሳይ ነበር። በዚያም ቦዩና እርሻው ሲስፋፋ፣ በበጋ ከብቶቻቸውን በወንዙ ዳር ያሰማሩ የነበሩ አፋሮች የግጦሽ መሬታቸውን አጥተዋል። የክሊንች ጭሰኛና የአዋሽ አርብቶ አደር ባይተዋወቁም፣ ሁለቱም ውሳኔው ሲሰጥ በስፍራው ያልነበሩ ሰዎች ናቸው።

እኛ መሐንዲሶች የኮንክሪቱን ናሙና በየቀኑ እየወሰድን፣ የተሞከረበትን ቀንና የሞከረውን ሰው ስም እየመዘገብን እናስቀምጣለን፤ ግድቡ ቢሰነጠቅ ምክንያቱን ከዚያ እንፈልጋለንና። እንግዲያስ በምንቀመጥበት ኮሚቴና ስብሰባ ሁሉ የውሳኔውን ምክንያት፣ የደገፈውንና የተቃወመውን ሰው ስም፣ መሬቱን የሚለቀውንም ሰው ጥያቄ በቃለ ጉባኤ እናስፍር። ገበሬው «የወሰነብን ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቢያንስ የሚገለጥ ገጽ ይኑር።