ብሔራዊ የጭነት ትራንስፖርት ፖሊሲ ለምን ያስፈልጋል?

ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ የሚተላለፈው በጅቡቲ በኩል ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተቀስቅሶ የአሰብ መስመር ከተዘጋ ወዲህ ይኸው ሁኔታ ጸንቶ ቆይቷል። ከጅቡቲ በጋላፊ አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይጠይቃል፤ ወደ ጎንደር የሚሄደው ጭነት ደግሞ ሚሌ ላይ ተገንጥሎ በወልድያ በኩል ተራራውን ይወጣል። በማዳበሪያም ሆነ በነዳጅ ዋጋ ውስጥ የዚህ መንገድ ሒሳብ አለ።

ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየው የአፈር ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ቀን የማይጠብቅ ጭነት ነው፤ ከዘር ጊዜ ካለፈ ዋጋው ለአርሶ አደሩ እምብዛም ነው። 50 ሺህ ቶን የጫነች አንዲት መርከብ ወደብ ስትደርስ፣ ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይጭናል ብንል፣ ጭነቱን ለማንሳት 1 ሺህ 250 ጉዞ ያስፈልጋል። በዚያው ሰሞን የስንዴ መርከብ ከደረሰች ሁለቱም የሚሻሙት እነዚያኑ መኪኖች ነው። መርከቧ ለቆመችበት ጊዜ የሚከፈለው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። የትኛው ጭነት ይቅደም የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ በስብሰባና በኮሚቴ ከሚፈታ ይልቅ አስቀድሞ በተጻፈ ሕግ ቢወሰን ይሻላል።

ባቡሩ ይህን ጫና ያቃልላል ተብሎ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሞጆን፣ አዳማንና ድሬዳዋን ያገናኛል፤ ማዳበሪያ በብዛት ወደሚፈለግባቸው የሰሜን ምዕራብ አካባቢዎች ግን አይደርስም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው መስመር በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ቢጀመርም እንደታሰበው አገልግሎት ላይ አልዋለም። ምን ዓይነት ጭነት በባቡር፣ ምን ዓይነቱ በመኪና ይጓዝ የሚለውም ውሳኔ ይፈልጋል።

ሌላው ብክነት ባዶ ጉዞ ነው። ከውጭ የሚገባው ጭነት ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ ብዙው መኪና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባዶውን ነው፤ የዚያን ነዳጅና ጎማ የሚሸፍነው በመጨረሻ ሸማቹ ነው። በአንጻሩ የፎገራ ሽንኩርትና ቲማቲም መኪና አጥቶ፣ ሲያገኝም በየኬላው ቆሞ ይበላሻል። ባለፉት ዓመታት አሽከርካሪዎች መንገድ ላይ መታገታቸውና መገደላቸው ደግሞ ማንኛውም ታሪፍ ሊያካክሰው የማይችል ጉዳት ነው።

አገሪቱ አጠቃላይ የትራንስፖርት ፖሊሲና የሎጂስቲክስ ስትራቴጂ አሏት። ችግሩ ኃላፊነቱ መበታተኑ ነው፦ መንገዱ የአንዱ፣ ደረቅ ወደቡ የሌላው፣ ፍተሻው የጉምሩክ፣ የማዳበሪያ ግዢው የሌላ ተቋም፣ ኬላው የክልሎች ነው። አንድ ኩንታል ከመርከብ እስከ ማሳ ለሚያደርገው ሙሉ ጉዞ የሚጠየቅ አካል የለም። የባለንብረቶች ሥጋት ግን መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በደርግ ዘመን ታሪፉና ተራው በመንግሥት ይወሰን እንደነበር፣ ያ ሥርዓት በ1984 ዓ.ም. እንደተነሣ ያስታውሳሉ። አዲስ ፖሊሲ ወደዚያ መመለስ የለበትም፤ ዋጋውን ለገበያው ትቶ የቅድሚያውን ቅደም ተከተል፣ የኬላውን ሥልጣን ወሰንና የመንገዱን ደኅንነት ቢደነግግ በቂ ነው።

ስለ ጭነት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ጉዞ ነው። ከመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን እስከ ማሳው ማዳበሪያው የሚጓዘው በአህያ፣ በጋሪና በሰው ትከሻ ነው፤ ድልድይ የሌለው ወንዝ በሐምሌ ሲሞላ ያ ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ኩንታል ማዶ እንደተከመረ ይቀራል።