ግሪሳና ገበሬ፦ ከወንጭፍ እስከ አውሮፕላን

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። እኔ ላነሳው የፈለግሁት ግን በጠቅላላ ጉባኤዎቻችን “ልዩ ልዩ ጉዳዮች” በሚለው አጀንዳ ሥር፣ ሰው ሁሉ ለመሄድ በተነሳበት ሰዓት ብቻ የሚጠቀስ ነገር ነው። ይኸውም የግሪሳ ወፍ ጉዳይ ነው።

እንድጽፍ ያነሳሱኝ በምሠራበት ቀበሌ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አባል ናቸው። የማሽላ ማሳቸውን ስንጎበኝ ዳር ላይ ያለችውን ያረጀች ማማ እያሳዩኝ “ልጄ፣ የእኔ ትምህርት ቤት ይህች ነበረች” አሉኝ። ማሽላው ማፍራት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስኪታጨድ ድረስ ከንጋት እስከ ምሽት እማማዋ ላይ ቆመው ወንጭፍ ሲወነጭፉ ፊደል ሳይቆጥሩ አደጉ። እሳቸው ለሞፈር ሲደርሱ ማማዋን የተረከበው ታናሽ ወንድማቸው ነው። እሱም አልተማረም። በቆላው አገራችን ግሪሳ የበላው እህል ሲቆጠር ይህ ዓይነቱ ኪሳራ በየትኛውም የሪፖርት ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ግሪሳ ድንቢጥ የምታክል፣ 20 ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ወፍ ናት። ብቻዋን ብትሆን ማንም ከቁብ አይቆጥራትም። ነገር ግን ብቻዋን አትመጣም። በአፍሪካ ውስጥ ለመራባት የደረሱት ግሪሳዎች ቁጥር 1.5 ቢሊዮን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚገምተው አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ስለዚህ ሁለት ሚሊዮን ወፎች ያሉበት መንጋ በአንድ ቀን 20 ቶን፣ በእኛ አቆጣጠር 200 ኩንታል እህል ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። ግሪሳ ዝናቡን ተከትላ ትጓዛለች፤ በግራር ዛፎች ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጎጆዎችን በአንድ ጊዜ ትሠራለች። እንቁላሉ ከ10 እስከ 12 ቀናት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሳቸውን ችለው ይበርራሉ። የእኛ ደብዳቤ ግን ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ወፏ ትቀድመናለች።

አባቶቻችን ግሪሳን የተከላከሉት በጉልበት ነው። ማማ ይሠራሉ፣ ወንጭፍ ይወነጭፋሉ፣ ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ ጭስ ያጨሳሉ። ዘንጋዳ የሚዘሩም አሉ፤ ዘንጋዳ መራራ በመሆኑ ወፏ ሌላ የምትበላው ካገኘች ትተወዋለች። ሌላ ካጣች ግን እሱንም አትምርም። ኮሌጅ እያለን ይህንን ሁሉ “ኋላ ቀር ዘዴ” ብለን በደብተራችን ጽፈን ነበር። አሁን ላይ ሆኜ ስመለከተው ያ አገላለጽ ልክ አልነበረም እላለሁ። እነዚህ ዘዴዎች አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበራቸው፤ ዓላማቸው ማሳውን መጠበቅ እንጂ ወፏን ከምድረ ገጽ ማጥፋት አልነበረም።

የማጥፋቱ ሐሳብ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የግሪሳ ማደሪያዎች በፈንጂ ተመትተዋል፣ በእሳት መትፊያ መሣሪያም ተቃጥለዋል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ፓራቲዮን የተባለውን መርዝ ከአውሮፕላን ላይ መርጨት ተጀመረ። በእኛ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ ከስሙ እንደምንረዳው በመጀመሪያ የተመሠረተው ለአንበጣ ቢሆንም በኋላ ግሪሳንም በሥራው ውስጥ አካትቷል። እኛ የቆላ ሰዎች “የወፍ አውሮፕላን” የምንለው የእሱን ነው። ወፎቹ በፊላና በግራር ላይ ለማደር ሲሰበሰቡ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ ይረጫል።

በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ግሪሳዎች ተገደሉ። ይሁን እንጂ የግሪሳ ቁጥር እንደታሰበው አልቀነሰም። ፒተር ዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የአእዋፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ አዲስ አካሄድ አቀረበ። በየትም ቦታ ያለችን ግሪሳ እያሳደዱ ከመግደል ይልቅ፣ በቁሙ ያለን ሰብል የሚያሰጋውን መንጋ ብቻ ለይቶ መከላከል ይገባል የሚል ነበር። በዚያው ዘመን ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1979፣ በአገራችን በአዋሽ ተፋሰስ በማሽላ ላይ የሚደርሰው የወፍ ጉዳትና የጎጆ ቦታዎችን የመርጨት ውጤት ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በስምጥ ሸለቋችን ያለች ግሪሳ በአንድ ቦታ ጫጩት አሳድጋ ከጨረሰች በኋላ ዝናቡን ተከትላ ወደ ሌላ ቦታ በመሄድ በዚያው ዓመት እንደገና እንደምትራባ የሚያሳይ ማስረጃ አቅርቧል። ይህ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ዛሬ በቀበሌያችን ያለችውን ሁሉ ብንጨርስ እንኳን ነገ የምትመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

አሁን ወደ መርዙ ልመለስ። ፓራቲዮንን በብዙ ቦታ የተካው ፌንቲዮን ነው፤ በንግድ ስሙ ኩዌሌቶክስ ይባላል። የወፏን የነርቭ ሥርዓት አውኮ ይገድላል። ችግሩ በወፏ ላይ አያቆምም። በመርዝ የሞተችውን ግሪሳ የበላ ጭልፊት፣ ንስርና አባ ኮዳ አብሮ ይመረዛል። ሰውም አለ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በሌላ ቦታ ስሠራ፣ ርጭት በተካሄደ ማግስት ማለዳ ወደ ማደሪያው ሄድኩ። ሕፃናት የሞቱትን ወፎች በማዳበሪያ ከረጢት እየለቀሙ ነበር፤ ጠብሰው ሊበሉ። ማስጠንቀቂያው ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደርሶ ነበር፣ ለእናቶቻቸው ግን አልደረሰም። በየቤቱ ዞሮ መናገር የነበረበት አንዱ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው ይነግራል ብዬ ተውኩት። ከረጢቱን አስጥለን ወፎቹን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርን፤ በዚያ ቀን የታመመ ሕፃን አላየሁም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ርጭት ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ነዳጅና ስለ አውሮፕላን ሳይሆን ለቤተሰቦች ስለ መነገሩና ስለ ቀብሩ ነው። ቻድ ባነሳችው ጥያቄ ለዓመታት ሲያከራክር የቆየው በአውሮፕላን የሚረጨው ኃይለኛው ፌንቲዮን እ.ኤ.አ. በ2025 በሮተርዳም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይህ ክልከላ አይደለም፤ አስመጪው አገር የሚገዛውን አውቆ አስቀድሞ እንዲወስን ያደርጋል።

“ጠመንጃስ?” የሚሉ አባላት አሉ። ለግሪሳ ጥይት መተኮስ ገንዘብ ከመበተን አይለይም። ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው እንደ ዝይ ላሉ ትልልቅ ወፎች ነው። በውሃ ዳር ማሳ ያላቸው አባላት እንደሚያውቁት ዝይ በመንጋ ወርዶ ገና የበቀለውን ቡቃያ ይግጣል። በሰሜን አሜሪካ ነጭ ዝይ ከእርሻ በሚተርፍ እህል እየተመገበ እጅግ ስለበዛና በሰሜን በረዷማ ምድር የሚራባበትን ሣር ስላጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከተለመደው ወቅት ውጭ ጭምር በብዛት እንዲታደን በአሜሪካ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ብዙ ሺህ ጠመንጃ ያዥ ተሰማርቶም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አደኑ ቁጥሩን እንደታሰበው እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በስኮትላንድ ደሴቶች ባሉ ማሳዎች ላይ በፈቃድ የሚተኮስበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፤ ጥቂቶች ሲመቱ ቀሪው መንጋ ማስፈራሪያውን የእውነት አድርጎ ይይዘዋል። ከሁለቱ ይህኛው ለእኔ ይበልጥ ይገባኛል፤ የማማውም ጥበብ ይኸው ነውና።

ተኩሱ ራሱ ሥርዓት አለው። ርቆ የተተኮሰ ወፍ ቆስሎ ሄዶ ጫካ ውስጥ ቀናት ፈጅቶ ይሞታል፤ ይህ ለሰብሉ ምንም አልጠቀመም። ጫጩት ያላትን መግደል ጫጩቶቹንም መግደል ነው። የእርሳስ እርሳሶች በውሃ ዳር ሲበተኑ የውሃ ወፎች ከጠጠር ጋር ውጠዋቸው ይመረዛሉ፤ አሜሪካ ለውሃ ወፍ አደን እርሳስን እ.ኤ.አ. በ1991 ያገደችው በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራችንም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን አይፈቅድም። በተለይ በደጋችን ውሃ ዳር የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የሌለ ወፍ በመሆኑ፣ ከሌላው ዝይ መለየት የማይችል ሰው ባይተኩስ ይሻላል። ቡቃያ ላይ ለሚወርድ ዝይ ሕፃን ሳይሆን ውሻ የያዘ ጎልማሳ ለጥቂት ሳምንታት ጠዋትና ማታ ቢቆም ይበቃል።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊሠሩት የሚችሉት፣ አንድ ገበሬ ብቻውን የማይችለው ነገር ግን አለ። እሱም አንድ ላይ መዝራት ነው። ቀድሞ የደረሰ ወይም ዘግይቶ የቀረ ማሳ የአካባቢውን ግሪሳ በሙሉ ብቻውን ይሸከማል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ጉዳቱ ይከፋፈላል፣ የጥበቃውም ጊዜ ያጥራል። ዘሩን የሚያከፋፍለው ማኅበሩ ስለሆነ ቀኑንም ማኅበሩ ሊወስን ይችላል። በምሠራበት ቀበሌ አንድ ጎጥ ባለፈው ዓመት ይህን ሞክሯል። በአሥር ቀን ውስጥ ለመዝራት ተስማምተው ሦስት አባወራዎች ዘገዩ፤ አንደኛው በሬው ታሞበት፣ ሁለቱ ዘሩ ሳይደርሳቸው ቀርቶ። ወፏ የሦስቱን ማሳ ለይታ የምታውቅ ይመስል እዚያው ሰፈረች። ሦስቱም በስብሰባ ላይ ተነስተው በማኅበሩ ላይ አማረሩ፤ ዘሩ ያልደረሳቸው ሁለቱ እውነት ነበራቸው።

ዘንድሮ የዘር ክፍፍሉና የመዝሪያው ቀን “ልዩ ልዩ” ከሚለው ወጥቶ ሦስተኛ አጀንዳ ሆኗል። በሬ ለሌለው በደቦ እንዲታረስለት፣ ማማውም በአዋቂዎች ተራ እንዲጠበቅ ተወስኗል። የአዛውንቱ የልጅ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት። የአያቷን ተራ ለመያዝ ስትሮጥ “ወደ ትምህርትሽ!” ብለው ሲመልሷት ሰምቻለሁ፤ ወንጭፉን ግን አልቀሟትም።