የፓይን ዘይት፦ ከሽቶ ጠርሙስ እስከ ወለል ማጽጃ

የፓይን ዘይት ፓይነስ ተብሎ በሚጠራው ወገን ከሚመደቡ ዛፎች ቅጠል፣ ሙጫ ወይም ጉቶ የሚገኝ፣ በቀላሉ የሚተንና ኃይለኛ የደን ጠረን ያለው ፈሳሽ ነው። ሽቶ ቀማሚው፣ ሳሙና አምራቹ፣ ሻማ ሠሪውና የወለል ማጽጃ ፋብሪካው ሁሉ ይፈልጉታል። በኢትዮጵያ ስለ ዘይቱ ከማውራት በፊት ግን ዛፉን መለየት ግድ ይላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚታየው የሀበሻ ጥድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ የሚባል ሌላ ዛፍ ነው፤ ለአጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጥድም ፓይን አይደለም። ፓይን ቅጠሉ ረጅምና መርፌ መሰል ሆኖ ሁለት ሦስት እየሆነ ከአንድ ሥፍራ የሚበቅል፣ ፍሬውም እንደ እንጨት የጠነከረ ዛፍ ነው። ደን አልሚዎች ፓቱላና ራዲያታ እያሉ የሚጠሯቸው፣ ከውጭ መጥተው የተተከሉት ዛፎች የዚህ ወገን ናቸው።

ገበያ ላይ «የፓይን ዘይት» በሚል አንድ ስም የሚሸጡት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የመጀመሪያው የቅጠል ዘይት ነው። ለሽቶ የሚመረጠውም ይኸው ነው። ምንጮቹ በዋናነት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከአውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ ተዘርግቶ የሚገኘው የስኮትላንድ ፓይን ሲሆን፣ ሌላው በአልፕስ ተራሮች ከፍታ ላይ እየተዝረጠረጠ የሚያድገው ድንክ ፓይን ነው። በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው የሳርንታል ሸለቆ ገበሬዎች የዚህን ድንክ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ዘይት ማውጣትን የኑሯቸው አካል አድርገውታል። አሠራሩ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው በቀላሉ የሚረዳው ነው። ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ተከትክቶ በትልቅ ጋን ውስጥ ይታጨቃል፤ ከሥር እንፋሎት ይለቀቅበታል፤ እንፋሎቱ ከቅጠሉ ውስጥ ዘይቱን ይዞ ይወጣና በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ዘይቱ ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይሰፍራል፤ እሱን ቀድቶ ማውጣት ብቻ ይቀራል። ምርቱ ግን ትንሽ ነው፤ ከገባው ቅጠል ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከሙጫ የሚገኘው ተርፐንታይን ነው። የዛፉ ቅርፊት በስለት እየተፋቀ ሙጫው እንዲፈስ ይደረጋል፤ ከቁስሉ ሥር በተሰቀለች ትንሽ ዋንጫ ይጠራቀማል። በመተማና በትግራይ የዕጣን ዛፍ የሚፋቅበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሥራው አዲስ አይሆንበትም። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው የላንድ አውራጃ በ1857 በወጣ ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ረግረጋማ መሬቱ በፓይን እንዲሸፈን ከተደረገ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚህ ሙጫ ኖሯል። የተለቀመው ሙጫ ሲነጠር ሁለት ነገር ይሰጣል፤ የሚተነው ተርፐንታይን ሲሆን ከታች የሚቀረው ደረቅ ሙጫ ሮሲን ይባላል። የአገራችን ቀለም ቀቢዎች ቀለም ለማቅጠን የሚጠቀሙበት አኳራጅ ስሙን የወሰደው ከዚህ ተርፐንታይን የኢጣልያንኛ መጠሪያ ነው፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው በአብዛኛው ከነዳጅ የሚወጣ ነው። ወረቀት የሚሠሩ ፋብሪካዎችም የፓይን እንጨት ሲቀቅሉ ተርፐንታይን በተረፈ ምርትነት ያገኛሉ።

ሦስተኛው፣ ማጽጃ አምራቾች በተለይ «ፓይን ኦይል» የሚሉት፣ ታሪኩ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይጀምራል። በዚያ የነበረው የረጅም ቅጠል ፓይን ደን ተጨፍጭፎ ሲያልቅ ሰፊው መሬት በጉቶ ተሞልቶ ቀረ። ጉቶዎቹ ግን በሙጫ የራሱ ስለነበሩ አልበሰበሱም። ሆመር ያርያን የሚባል ሰው በጆርጂያ ግዛት በብረንዝዊክ ከተማ እነዚህን ጉቶዎች ፈልፍሎ፣ ፈጭቶና ቀቅሎ ዘይት የሚያወጣ ፋብሪካ አቆመ፤ በ1920 ደግሞ ሄርኩለስ የተባለው የባሩድ ኩባንያ ገዛው። ከጉቶው የሚገኘው ዘይት ዋና ይዘቱ ቴርፒኒዮል የሚባል አልኮል ነው። ሽታው ከቅጠሉ ዘይት ለስለስ ያለ ሲሆን ቆሻሻና ቅባት ያሟሟል፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። ጉቶው እየተመናመነ ሲሄድ ኬሚስቶች ተርፐንታይንን ከአሲድና ከውኃ ጋር በማዋሃድ ይህንኑ ዘይት በፋብሪካ መሥራት ጀመሩ። አሁን በዓለም ገበያ የሚገኘው ባብዛኛው የዚህ ዓይነቱ ነው።

የእነዚህ ሁሉ መሠረት ተርፒን የሚባሉ ውህዶች ናቸው። ምሥጢራቸውን በአንድ ሥርዓት ያስቀመጠው ጀርመናዊው ኦቶ ቫላኽ ሲሆን በዚሁ ሥራው የ1910ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከውህዶቹ ዋነኛው አልፋ ፓይኒን ደረቅና ስል የሆነውን የሙጫ ሽታ ይሰጣል፤ ሊሞኒን የብርቱካን ልጣጭ ዓይነት ጠረን አለው፤ ቦርኒል አሲቴት የሚባለው ደግሞ ጣፈጥ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሰው «ደን ደን ይሸታል» የሚለው በአብዛኛው ይህን የመጨረሻውን ሲያሸት ነው። ተርፐንታይን ብቻውን በሻማ ውስጥ ቢጨመር ቀለም ቀለም የሚሸተውም ቦርኒል አሲቴት ስለሚጎድለው ነው።

ለሽቶ ቀማሚ የፓይን ቅጠል ዘይት አስቸጋሪ ወዳጅ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ቀድሞ ይደርሳል፣ ቀድሞም ይሄዳል። ስለዚህ በዝግባ መሰል እንጨቶች፣ በላቬንደር፣ በዛፍ ሽበት፣ በዕጣንና በሌሎች የሚቆዩ ሙጫዎች ደግፎ ማሰር ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ኢጣልያኖች ቀደምት ናቸው። አኩዋ ዲ ሴልቫ በ1949፣ ፒኖ ሲልቬስትሬ ደግሞ በ1955 ለገበያ ቀረቡ። የቬኒሱ ቪዳል ቤተሰብ ምርት የሆነው ፒኖ ሲልቬስትሬ በፓይን ፍሬ ቅርጽ በተሠራ አረንጓዴ ጠርሙስ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ ፓይንን ከሎሚ መሰል ፍሬዎች፣ ከባዚልና ከላቬንደር ጋር አዋዶ የወንዶች ሽቶ ያደረገ ነው። ከዚያ ወዲህ ከወጡት ደግሞ የሰርዥ ሉተንስ ፊ ኦን ኤግዊ (2009) ይጠቀሳል፤ የፓይን ቅጠልን ከዕጣንና ከደረቀ ፍራፍሬ ጣፋጭነት ጋር አዋሕዷል። ለዚህ ዓይነቱ ጣፋጭ ጥልቀት ቀማሚዎች የፓይን ዘመድ ከሆነው ከካናዳው ባልሳም ዛፍ በማሟሟቻ የሚወጣውን ወፍራም አረንጓዴ ፈሳሽ ይመርጣሉ፤ ማርማላታ ማርማላታ ይሸታል።

ከዚህ በላይ ግን ፓይን ለሽቶ የዋለው ትልቁ ውለታ ስሙ ሳይነሳ የሚኖረው ነው። በ1874 ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን ከፓይንና ከዘመዶቹ ቅርፊት ሥር በሚገኝ ፈሳሽ ተነሥተው ቫኒሊንን በላቦራቶሪ ሠሩ፤ ሃርማንም በጀርመን በሆልትስሚንደን ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። የቫኒላን ሽታ ያለ ቫኒላ ማግኘት የተቻለው ያኔ ነው። ገርላን በ1889 ያወጣው ዢኪ የተባለው ዝነኛ ሽቶ ሰው ሠራሽ ቫኒሊን ከተጠቀሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ተርፐንታይን ራሱ የሽቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆነ። ከእሱ የጽጌረዳ ጠረን ያለው ጄራኒዮል፣ የላቬንደር ጠረን ያለው ሊናሎልና በርካታ የሰንደል እንጨት ሽታ ያላቸው ውህዶች ይሠራሉ። የጃፓኑ ታካሳጎ ኩባንያም በሪዮጂ ኖዮሪ ግኝት ተመርኩዞ ሜንቶልን ከዚሁ ምንጭ ማምረት ችሏል፤ ኖዮሪ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ከዓለም ታላላቅ የሽቶ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፊርመኒሽ በ2020 የላንዱን የፓይን ኬሚካሎች አምራች ዲ.አር.ቲ.ን መግዛቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የጽጌረዳ ሳሙና የገዛ ሰው ሳያውቀው የፓይን ዛፍ ውጤት ይዞ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ወደ ቤት ስንገባ ኢትዮጵያውያን ከፓይን ዘይት ጋር ከማንኛውም ሽቶ በፊት የተዋወቁት በዴቶል ሳይሆን አይቀርም። ይህ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የወጣ ፈሳሽ 4.8 በመቶ ክሎሮክሲሌኖል የሚባል ተህዋሲ ገዳይ፣ የፓይን ዘይት፣ አልኮልና ከጉሎ ዘይት የተሠራ ሳሙና ይዟል። ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ጥርት ያለ ቡናማ ነው። ጥቂት ጠብታ ውኃ ላይ ሲያርፍ ግን ወዲያው ነጭ ደመና ይፈጥርና ሳህኑ በሙሉ ወተት ይመስላል። ዘይቱንና ክሎሮክሲሌኖሉን አሟሙቶ የያዛቸው አልኮልና ሳሙና በውኃ ሲሳሳ መያዝ ያቅታቸዋል፤ ዘይቱም በዓይን ወደማይታዩ ጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ ብርሃኑን ይበትናል። የመድኃኒቱን ጥንካሬ የሚሠራው ክሎሮክሲሌኖል ቢሆንም ሆስፒታል ሆስፒታል የሚለውን ሽታ የሚሰጠው የፓይን ዘይቱ ነው።

በአሜሪካ ተመሳሳዩን ቦታ የያዘው ፓይን ሶል ነው። ሃሪ ኮል የሚባል ሰው በ1929 በሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ከተማ ፈጠረው። ዛሬ በመደብሮች በብዛት የሚገኘው ፓይን ሶል ግን የፓይን ዘይት የለበትም፤ ዘይቱ ስለተወደደ በሌሎች ማጽጃ ኬሚካሎች ተተክቶ ሽታው ብቻ ቀርቷል። ሦስተኛው ታዋቂ ምርት በመኪና ስፖኪዮ ላይ የሚንጠለጠለው የዛፍ ቅርጽ ያለው ካርቶን ነው። ከናዚዎች የሸሸው ጀርመናዊ አይሁዳዊ ኬሚስት ዩልዩስ ዜማን በካናዳ ደኖች የዛፎችን ዘይት ሲያጠና ቆይቶ በ1952 በኒውዮርክ ግዛት በዋተርታውን ከተማ ሠራው። ምክንያት የሆነው አንድ ወተት አመላላሽ ሾፌር የፈሰሰ ወተት ሽታ መኪናውን እንዳበላሸበት ማማረሩ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጠረኖች አንዱ የሆነው «ሮያል ፓይን» አሁንም አለ።

እነዚህ ምርቶች ተወዳጅ መሆናቸው ሽቶ ቀማሚዎችን ጎድቷቸዋል። ለሁለት ሦስት ትውልድ ፓይን ማለት የተወለወለ ወለል ማለት ሆኖ ቆይቷል፤ በዚህ ልማድ ላይ ተነሥቶ ፓይንን ወደ አንገትና ወደ ጋቢ መመለስ ብዙ ብልሃት ይጠይቃል።

ስለ ጥንቃቄ ደግሞ በደንብ መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ያረጃል። በተለይ ካሪን የሚባለው ይዘቱ ሲያረጅ የሚፈጥራቸው ፐርኦክሳይዶች ቆዳን ለዘለቄታው አለርጂ ያስይዛሉ፤ በአውሮፓ ቀለም ቀቢዎችና የሸክላ ሥዕል ሠራተኞች ለዓመታት እጃቸው እየተላጠ ሲሠቃዩ የቆዩት በዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ኢፍራ ለሽቶ የሚውል የፓይን ዘይት በሊትር ከ10 ሚሊሞል በታች ፐርኦክሳይድ እንዲኖረው የሚያዝዘውም ለዚህ ነው። ዘይቱን ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ፣ ከድኖና ከሙቀት አርቆ ማስቀመጥ፣ ያረጀውንም ገላን በሚነካ ነገር ውስጥ አለመጠቀም ይገባል። ብዙም ከፍተኛ ባልሆነ ሙቀት እንፋሎቱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል በምድጃ አጠገብ መቅዳት አይቻልም። ሕፃን ቢጠጣው ወደ ሳንባ ገብቶ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ እንዲያስመልስ መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ድመቶች ዘይቱን ከሰውነታቸው ማስወገድ ስለሚያቅታቸው ድመት ባለበት ቤት ባይረጭ ይሻላል። የፓይን ማጽጃን ከበረኪና ጋር መቀላቀልም አይገባም። የፓይን ዘይት ብቻውን ስታፊሎኮከስ ኦሬዩስ በሚባለው የቁስል ባክቴሪያ ላይ ደካማ ስለሆነ ቁስል ለማጠብ በእሱ ብቻ መተማመን ስህተት ነው።

ዘይቱን ለሳሙና ወይም ለሻማ ለሚገዛ ሰው ዋናው ነገር መለያው ላይ ያለው የዛፉ ሳይንሳዊ ስምና የተወሰደበት የዛፍ ክፍል ነው። ፓይነስ ሲልቬስትሪስ፣ ቅጠል፣ በእንፋሎት የወጣ የሚል ከሆነ የሽቶ ዘይት ነው። «ፓይን ኦይል 85» የሚል ከሆነ ቁጥሩ የቴርፒኒዮሉን ዓይነት አልኮል መጠን በመቶኛ የሚያመለክት የማጽጃ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ለወለል መልካም፣ ለገላ ግን የማይሆን። «የሳይቤሪያ ፓይን» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሳይቤሪያ ፈር የሚባለው ሌላ ዛፍ ዘይት ነው፤ በቦርኒል አሲቴት የበለጸገ ስለሆነ ሽታው ከእውነተኛው ፓይን ይልቅ ለሻማ ይስማማል።

በኢትዮጵያ የፓቱላ ዛፍ በሻሸመኔ ሙኔሳና በወንዶ ገነት አካባቢ ለጣውላ ተተክሏል። ዛፉ ሲቆረጥ ግንዱ ወደ መሰንጠቂያ ይሄዳል፣ ቅጠሉና ቅርንጫፉ መሬት ላይ ይቀራል። በዚያው በወንዶ ገነት የመዓዛ ዕፅዋትን የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከዕፅዋት ዘይት በእንፋሎት የማውጣት ልምድም አለው። የቦረና ዕጣን ዘይት ከዋና ይዘቶቹ አንዱ አልፋ ፓይኒን በመሆኑ አገሪቱ ለዚህ ጠረን እንግዳ አይደለችም። ሳሙናና ማጽጃ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ሽታውን ከውጭ ከማስገባታቸው በፊት ተቆርጦ በሚቀረው በዚህ ቅጠል ላይ አንድ የሙከራ ንጠራ ቢያሠሩ፣ የዘይቱን ይዘትም አስመርምረው ቢያዩት ይበጃል።