ለማን ብለህ ትተክላለህ? የአንደሉስ ሙስሊሞችና የግቢያቸው ዛፎች



ከተማ ውስጥ የሚኖር ወጣት ዛፍ ትከል ሲባል ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ «ቤቱ የኪራይ ነው፤ ነገ ለምለቀው ግቢ ለማን ብዬ ልትከል?» ዛሬ የምናወራው ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት በተግባር ስለመለሱ ሰዎች ነው።

በ132 ሂጅሪ (እ.ኤ.አ 750) የበኒ ኡመያ መንግሥት ወደቀ። አባሲዮች የቀድሞውን ገዥ ቤተሰብ እያሳደዱ ገደሉ። ከሸሹት መካከል ዕድሜው ሃያ ገደማ የሆነ ወጣት ነበር፤ ዐብዱረሕማን ኢብን ሙዓዊያ። የኤፍራጥስን ወንዝ በዋና ሲሻገር ታናሽ ወንድሙ ፈርቶ፣ ምሕረት እናደርግልሃለን ወዳሉት ወታደሮች ተመለሰ። ዳር እንደደረሰም ገደሉት። ዐብዱረሕማን ይህን ከማዶ ሆኖ እንዳየ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ከዚያም ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ ዛሬ ስፔን ወደምንላት አንደሉስ ተሻገረ፤ በ138 ሂጅሪ (756) ቁርጡባ ገብቶ አሚር ሆነ።

ከቁርጡባ ወጣ ብሎ አትክልት ቦታ ያለው መኖሪያ ሠራና «ሩሳፋ» አለው። ይህ አያቱ ኸሊፋ ሂሻም በሻም ምድር የነበራቸው ቤተ መንግሥት ስም ነው። ከሻምም ዘርና ችግኝ አስመጣ። በዚያ ብቻውን ለቆመ የተምር ዛፍ፣ እንደ እሱ ከአገሩ የራቀ መሆኑን እያነሳ ግጥም ገጥሞለታል።

በዚያ ዘመን ከሻም ሮማን መጣ። እንደሚተረከው ሰፍር የሚባል ሰው ፍሬውን ወስዶ በማላቃ አካባቢ ባለው መሬቱ ዘሩን ተከለ፤ ተንከባክቦም ለፍሬ አበቃው። ለአሚሩ ሲያቀርብለት አሚሩ ተደነቀ፣ በሩሳፋም አስተከለው። ያ ሮማን በመላው አንደሉስ ተሰራጭቶ በሰውየው ስም «ሰፈሪ» ተባለ። አስቡት፤ ስደተኛ ያመጣው ፍሬ የአገሬው ፍሬ ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ይህ ፍቅር ወደ ዒልም አደገ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን በሷል የጡለይጡላን (ቶሌዶ) ገዥ አትክልት ቦታ ይንከባከቡ ነበር። በ1085 ከተማዋ በአልፎንሶ 6ኛ እጅ ስትወድቅ ወደ ኢሽቢሊያ (ሴቪያ) ሄደው ሥራቸውን እዚያ ቀጠሉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የኢሽቢሊያው ኢብኑል ዐዋም «ኪታቡል ፊላሓ» የተባለውን ትልቅ መጽሐፍ ጻፉ። መጽሐፉ ስለ 585 ተክሎችና ከ50 በላይ ስለሆኑ የፍሬ ዛፎች ያወሳል፤ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃ አጠጣጥ፣ የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ ስለመቀጠል ያስተምራል። የጻፉትንም ራሳቸው በማሳ ላይ ይሞክሩት ነበር።

ለቤት ግቢ ግን በጣም የሚጠቅመን የአልመሪያው ዓሊም ኢብን ሉዩን ምክር ነው። የእርሻን ዕውቀት ተማሪ በቀላሉ እንዲይዘው በግጥም አቀናብረውታል። ስለ ቤትና ግቢ አሠራር የሰጡት ምክር በአጭሩ እንዲህ ነው፦

ቤቱ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይሁን። ውሃው ከላይ በኩል፣ በጥላ ሥር ይሁን። ከውሃው አጠገብ ቅጠላቸው የማይረግፍና ዓይን የሚያስደስቱ ቁጥቋጦዎች ይተከሉ። ራቅ ብሎ ልዩ ልዩ አበባ፣ ከዚያ አልፎ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆኑ ዛፎች ይከተሉ። ዙሪያውን ወይን ይጠምጠም። ከኋላ በኩል እንደ በለስ ያለ ጉዳት የማያመጣ ዛፍ ይሁን። በጣም የሚያድገው የፍሬ ዛፍ የሰሜኑን ነፋስ በሚከላከልበት፣ ፀሐይን ግን በማይጋርድበት ቦታ ይተከል።

ልብ በሉ፤ ምርጫው መልክን ብቻ አይመለከትም። እያንዳንዱ ተክል ሥራ አለው። አንዱ ዓይንን ያሳርፋል፣ ሌላው ነፋስ ይመክታል፣ ሌላው ይበላል። ውበቱ የሚመጣው ሁሉም በቦታው ሲቆም ነው።

ኢብን ሉዩን ይህን የጨረሱት በ749 ሂጅሪ (1348) ነው። በዚያው ዓመት ታላቁ ወረርሽኝ አልመሪያ ገባ፤ በማግስቱ ዓመት እሳቸውም ሞቱ፣ አላህ ይዘንላቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው ቂያማ ቢቆም እንኳ መትከል ከቻለ እንዲተክል ማስተማራቸውን ኢማም አሕመድ ዘግበዋል። ከተማው በሞት በተመታበት ዓመት ስለ አበባና ስለ ጥላ የተጻፈ ሥራ ሲጠናቀቅ ስናይ የዚህ ትምህርት ትርጉም ይበልጥ ይገባናል።

በ1492 ገርናጣ (ግራናዳ) ወደቀች። ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት የሙስሊሞቹ ዘሮች ከስፔን ተባረሩ። ግቢውን ጥለው ሄዱ፤ የተከሉት ግን ቀረ። የኢሽቢሊያ ጎዳናዎች ዛሬም በኮምጣጣ ብርቱካን ዛፎች የታወቁ ናቸው። ስፔኖች የመስኖ ቦዩን «አሴኪያ» የሚሉት «አስ-ሳቂያ» ከሚለው ዐረብኛ፣ የብርቱካን አበባን «አሳር» የሚሉት «አዝ-ዘህር» ከሚለው ወስደው ነው። በአልሐምራ ቤተ መንግሥት በገንዳው ግራና ቀኝ የሚታየው ቁጥቋጦ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ከቅቤ ጋር ለጸጉራቸው የሚቀቡት አደስ ነው!

ስለዚህ ችግኝ ስትገዛ በአበባው ቀለም ብቻ አትወሰን። ሥሩ ግድግዳና ቧንቧ ይጎዳል? ሲያድግ ምን ያህል ይሰፋል? በበጋ የሚያጠጣው ማን ነው? ሕፃን ቢቀምሰው ይመርዛል? ጠባብ ግቢ ካለህ ሎሚ ወይም ሮማን ጥላም፣ አበባም፣ ፍሬም ይሰጥሃል። ተከራይ ከሆንክ አከራይህን አስፈቅደህ በግቢው ጥግ፣ ካልሆነም አደሱን በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ትከል።

«ለማን ብዬ?» ላልከው፣ መልሱን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍም ሆነ እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በላተኛው ዘመድህ ወይም ቀጣዩ ተከራይ ይሁን የሚል መስፈርት የለውም። የአንደሉስ ሰዎች የገዛ ቤታቸው እንኳ የኪራይ ያህል ሆኖባቸው ወጥተዋል። ብርቱካኑ ግን ዛሬም ያብባል።