ቫዳ ፓቭ፥ የቦምቤይ ፋብሪካ ሠራተኞች መክሰስ

በዚህ አጭር ጥናት ልንመለከተው ያሰብነው ቫዳ ፓቭ የተባለውን የሕንድ መክሰስ ነው። አገሩ የቦምቤይ ከተማ ሲሆን፥ ከተማዋ ከ1995 ወዲህ ሙምባይ ተብላለች (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው)። ተቀቅሎ የላመ ድንች በቃሪያ፥ በነጭ ሽንኩርትና በእርድ ይለወሳል፤ ተድቦልቡሎ በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ይነከርና በዘይት ይጠበሳል፤ ከዚያም በትንሽ ዳቦ መካከል ገብቶ የነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ድቁስ ይነሰነስበታል። ዳቦው ቅቤ ካልነካው ለአገራችን ጾመኛም የሚስማማ ነው።

ማን ፈጠረው? ተብሎ ቢጠየቅ፥ የከተማው ሰው አሾክ ቫይድያ የሚባል ነጋዴ በ1966 በዳዳር ባቡር ጣቢያ አጠገብ መሸጥ እንደ ጀመረ ይናገራል። ሌላ ስም የሚያነሡም አሉ። ለእኛ ግን ጥያቄው ራሱ የጠበበ ይመስለናል፤ ሻጩ ድንቹንም ዳቦውንም፥ ይልቁንም የሚበላውን ሕዝብ አልፈጠረምና።

ድንችና ቃሪያ ከአሜሪካ የመነጩ ሲሆኑ ወደ ሕንድ የገቡት በፖርቱጋሎች ዘመን ነው። በማራጢ ቋንቋ ድንቹ ባታታ፥ ዳቦው ፓቭ ይባላል፤ ሁለቱም ቃላት ከፖርቱጋል ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። ቦምቤይም ራስዋ በፖርቱጋሎች እጅ ቈይታ፥ በ1661 በተደረገው የዳግማዊ ቻርልስና የልዕልት ካተሪን የጋብቻ ውል ለእንግሊዝ ተሰጠች።

ዋናው ነገር ግን በ1850ዎቹ ከተቋቋመው ከመጀመሪያው የጥጥ ፋብሪካ ይጀምራል። ከኮንካን ጠረፍና ከደጋው የማሃራሽትራ ገጠር ብዙ ወንዶች ሚስታቸውን በአገር ቤት ትተው ይመጡ ነበር። ጊራንጋኦን፥ ማለት «የፋብሪካ መንደር» በተባለው ሰፈር፥ ቻውል በሚባሉ ቤቶች በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ያድራሉ። ምግባቸውን የሚያበስሉላቸው በወር የሚከፈላቸው ሴቶች ነበሩ፤ ቤታቸውም ካናቫል ይባላል። እነዚህ ሴቶች ራሱን የቻለ ጥናት ይገባቸዋል። ነገር ግን በፈረቃ መለወጫና በባቡር መሳፈሪያ ሰዓት ተቀምጦ ለመብላት ጊዜም ገንዘብም የለም። ሳሕን የማይፈልግ፥ በአንድ እጅ ተይዞ እየሄዱ የሚበሉት፥ ርካሽና ሆድ የሚይዝ ነገር ያስፈለገው ስለዚህ ነው። የሻጮቹም ቦታ ይህንኑ ይመሰክራል፤ የጣቢያ መውጫና የፋብሪካ በር ነውና።

ፖለቲካም ገብቶበታል። በዚያው በ1966 የተቋቋመው ሺቭ ሴና የተባለ ፓርቲ፥ የደቡብ ሕንድ ሰዎች የያዙትን የኡዱፒ ምግብ ቤቶች እየተቃወመ የማራጢ ተወላጆች የራሳቸውን ንግድ እንዲከፍቱ ይገፋፋ ነበር፤ ቫዳ ፓቭም የተወላጅነት ምልክት ሆነ። ስሙ እንኳ ከባሕር ማዶ ለመጣ ዳቦ ይህ ማዕርግ መሰጠቱ ያስገርማል።

በጥር 1982 ወደ 250,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በዳታ ሳማንት መሪነት ሥራ አቆሙ። አድማው ከአንድ ዓመት በላይ ዘልቆ ያለ ስምምነት ቀረ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘጉ፥ እጅግ ብዙ ሰውም ወደ ሥራው ሳይመለስ ቀረ። ከነዚህ መካከል ቫዳ ፓቭ እየጠበሱ መሸጥ የጀመሩ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ትናንት በፋብሪካው በር ገዝቶ ይበላ የነበረው ሰው ሻጭ ሆነ ማለት ነው። የፎኒክስ ጥጥ ፋብሪካ በነበረበት ግቢ ዛሬ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ቆሞአል። ድንቹ በከተማው ጎዳና አሁንም ይጠበሳል፤ ገዢዎቹም የቢሮ ሠራተኞች፥ ተማሪዎችና የታክሲ ነጂዎች ናቸው።