ማይካን ለመተካት የተፈለገው ሴራሚክ

ሬዲዮ በተስፋፋበት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥሩ ካፓሲተር የሚሠራው ከማይካ ነበር። ማይካ ስስ ሆኖ የሚላጥ፣ ሙቀት የሚችልና ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ማዕድን ነው። በሁለት ስስ ብረቶች መካከል ሲገባ የኤሌክትሪክ ሙል ለማከማቸት ያገለግላል። ጥራት ያለው ማይካ በብዛት የሚገኘው ግን ከህንድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር መንገዱ አስጊ ሲሆን፣ ሬዲዮና ራዳር በገፍ የሚያመርቱት አገሮች ምትክ ፍለጋ ገቡ።

ምትኩ የመጣው ከሸክላ ሙያ ነው። ፖርሴሊን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቴሌግራፍ ሽቦን ከምሰሶው ለይቶ ይይዝ ነበር፤ ሥራውም ኤሌክትሪክን ከማገድ አያልፍም ነበር። ከጦርነቱ በፊት በጀርመን ከታይታኒየም ኦክሳይድ የተሠራው ሴራሚክ ከዚህ አልፎ ሄደ። ሙል የማከማቸት ችሎታው በዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ሲለካ ወደ 100 ይጠጋል፤ የማይካ 6 ወይም 7 ገደማ ነው። ታይታኒየም ኦክሳይድ ከባሪየም ጋር ተቀላቅሎ ሲተኮስ ደግሞ ቁጥሩ ከ1000 በላይ ወጣ። ይህ ባሪየም ታይታኔት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን የነበሩ ተመራማሪዎች ጦርነቱ እንደለያያቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ እዚሁ ውጤት ላይ መድረሳቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው ነገር ነው።

የችሎታው ምንጭ በክሪስታሉ ውስጥ ነው። ባሪየም በክሪስታሉ መሠረታዊ ኩብ ማዕዘኖች፣ ኦክስጅን በገጾቹ መሐል፣ ታይታኒየም በእምብርቱ ይቀመጣል። ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ታይታኒየሙ ከእምብርቱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ በዚህም አንዱ ጎን ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆናል። ከውጭ ቮልቴጅ ሲመጣ ይህ ክፍፍል አቅጣጫውን ይቀይራል። በሞስኮ ቤንሲዮን ቩል፣ በአሜሪካ ደግሞ አርተር ፎን ሂፕል ይህን ጠባይ በ1940ዎቹ አጋማሽ አጠኑት።

ብዙም ሳይቆይ ሴራሚኩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሥር ሲቆይ የውስጥ አቅጣጫዎቹ እንደሚሰለፉና ከዚያ በኋላ ሲጨመቅ ቮልቴጅ፣ ቮልቴጅ ሲሰጠው ደግሞ እንቅስቃሴ እንደሚፈጥር ታወቀ። ፒየርና ዣክ ኩሪ በ1880 በክሪስታሎች ላይ ያገኙት ጠባይ እንደ ሸክላ በሚቀረጽ ነገር ተገኘ ማለት ነው። በ1954 በርናርድ ጃፌና ባልደረቦቹ በዋሽንግተን ያቀረቡት የሊድ፣ የዚርኮኒየምና የታይታኒየም ውህድ የበለጠ ሙቀት ስለሚችል ቦታውን ወረሰ። የሶናርና የሕክምና አልትራሳውንድ ዋና አካል ይኸው ውህድ ነው። በጋዝ መለኮሻ ውስጥም አለ፦ ቁልፉ ሲጫን በስፕሪንግ የተወጠረች ትንሽ መዶሻ ሴራሚኩን ትመታዋለች፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠርና አየሩን ሰንጥቆ ብልጭ ይላል።

ባሪየም ታይታኔት ግን ከካፓሲተር ሥራው አልወጣም። በ1940ዎቹ ግሌን ሃዋት የሴራሚክ ዱቄትን ከማጣበቂያ ጋር አቅጥኖ፣ እንደ እንጀራ ሊጥ በስሱ ዘርግቶ የማድረቅ ዘዴ አበጀ። ስሶቹ ንጣፎች የብረት ቀለም ይቀባሉ፣ ይደራረባሉ፣ ይቆረጣሉ፤ ከዚያም ከ1000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አንድ ላይ ይተኮሳሉ። ይህን ሙቀት በአየር ውስጥ ሳይበላሽ የሚችለው ብረት ፓላዲየም ነበር፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ርካሹ ኒኬል በኦክስጅን ይበላሻል፤ ኦክስጅን ሲቀነስለት ደግሞ ሴራሚኩ ራሱ ኦክስጅን ያጣና ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። መፍትሔው በዱቄቱ ላይ ጥቂት ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ጨምሮ ጉዳቱን መከላከል ሆነ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ኒኬል የፓላዲየምን ቦታ እየያዘ ሲሄድ ዋጋው ወረደ፣ ንጣፉም እየሳሳ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ደረሰ። አንድ ዘመናዊ ስልክ እንዲህ ያሉ ካፓሲተሮችን እስከ 1000 ገደማ ይይዛል።